ወርቅ፣ ውኃና የሩቅ አገር መንገደኛ

አሶሳን መካከል አድርጎ ወደ ሰሜን ምዕራብ እስከ ኩርሙክ፣ ወደ ሰሜንም ዓባይን ተሻግሮ እስከ ጉባ የሚዘረጋው፣ በርታና ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የሚኖሩበት የቤኒሻንጉል ምድር ባዕድ ሰው ሳይደርስበት የቆየበት ዘመን ጥቂት ነው። ባዕዱን ወደዚህ ቆላ የሚያወርዱት ሁለቱ ነገሮች፣ ማለት ወርቁና ዓባይ፣ የነገሥታትም ምኞት ስለ ነበሩ፣ መንገደኛው ምን ፈልጎ እንደ መጣ ከመጠየቁ በፊት የማን ሰው እንደ ሆነ ይጠየቅ ነበር። ለእንግሊዛዊው፣ ለፈረንሳዊውና ለጣሊያናዊው መልሱ የታወቀ ነው፤ መንግሥታቸው በቀይ ባሕር ዳር ወይም በዓባይ ማዶ ሰፍሮ ይታያል። በዙሪያው ወደብም ቅኝ ግዛትም ያልነበረው አሜሪካዊ ግን ለአገሬው እንቆቅልሽ፣ ለአውሮፓውያኑ ደግሞ የሐሜትና የጥርጣሬ ምክንያት ሆኖ ኖሯል። የዚህ ጥርጣሬ ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመታቱን የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1820 የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ፣ ለሠራዊቱ ባሪያ፣ ለግምጃ ቤቱ ወርቅ ሽቶ ልጁን እስማኤል ፓሻን ሱዳንን እንዲወጋ በላከው ጊዜ፣ ከመድፈኞቹ መኮንኖች አንዱ ጆርጅ ቤቱን ኢንግሊሽ የሚባል የማሳቹሴትስ ተወላጅ ነበር። ይህ ሰው በሃርቫርድ ትምህርተ መለኮት ተምሮ፣ በ1813 የክርስትናን መሠረት የሚነቅፍ መጽሐፍ በማሳተሙ ከአገሩ ቀሳውስትና ሊቃውንት ጋር የተጣላ፣ ከዚያም በአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች ዘንድ መኮንንነት የተሾመ፣ ግብጽ በደረሰ ጊዜ ግን ሹመቱን ትቶ የሰለመና መሐመድ ኤፌንዲ ተብሎ የተጠራ ነበር። በዚያው የዘመቻ ሠፈር የጥንቷን ኢትዮጵያ ፍርስራሽ ለመጎብኘት የመጡ ሁለት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ አንዱ በካምብሪጅ የትሪኒቲ ኮሌጅ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ዋዲንግተን፣ ሁለተኛው ባርናርድ ሃንበሪ የተባለ ቄስ። ዋዲንግተን በ1822 ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አሜሪካዊውን እንደ ከሃዲ ቈጥሮ በክፉ ሥዕል ሣለው፤ ኢንግሊሽም በራሱ መጽሐፍ ክሱን አስተባበለ። በዚያ ሠፈር ከፓሻው ቀለብ የሚበሉ አውሮፓውያን ሐኪሞችና ጠቢባን እንዳልጠፉ ስናስብ፣ የእንግሊዛዊውን ሊቅ ያስቈጣው የሃይማኖቱ ነገር ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ገና ግማሽ ምእት ዓመት እንኳ ያልሞላው መንግሥት ተወላጅ፣ ቋንቋው የእንግሊዝ፣ ልብሱ የቱርክ፣ ስሙም የዐረብ ሆኖ መታየቱ በራሱ ስድብ መስሎት እንደ ነበረ ከአጻጻፉ ይሸታል። ይሁን እንጂ አውሮፓውያን ሁሉ በአንድ ዐይን አላዩትም፤ በግብጽ የእንግሊዝ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ሄንሪ ሳልት፣ ቀደም ሲል አገራችንን ጎብኝቶ ስለ እርስዋም የጻፈው ሰው፣ ለዚህ ስደተኛ አሜሪካዊ እንደ አባት ሆኖለት ስለ ነበረ ኢንግሊሽ መጽሐፉን ለእርሱ መታሰቢያ አደረገለት።

አሜሪካዊው ታሞ ከሰናር ስለ ተመለሰ የቤኒሻንጉልን ተራሮች ለማየት አልታደለም። ያያቸው ከሠራዊቱ ጋር የዘለቀው ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ነው፤ በ1822 መጀመሪያ ፋዞግሊን አልፎ ሲንጌ ድረስ ወጣ። እስማኤል ፓሻ የቀለጠ ወርቅ በየወንዙ የሚፈስ መስሎት ነበርና፣ በዚያ አገር ወርቅ የሚገኘው እንዴት እንደ ሆነ ባየ ጊዜ ልቡ ሳይሰበር አልቀረም። ሴቶች ክረምት ያወረደውን አሸዋ በእንጨት ገበቴ እየዛቁ በውኃ ያዞሩታል፤ ጥቁሩ ደለል በጎን ይፈሳል፤ ከገበቴው ግርጌ የምትቀረው ብናኝ በጣት ጫፍ ተለቅማ ውስጡ ባዶ በሆነ የአሞራ ላባ አገዳ ትከተታለች፣ አፉም ይወተፋል። ነጋዴው የሚገዛው በላባው ልክ ነበር። ሰባትና ስምንት ሴቶች ከማለዳ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ጎንብሰው አንድ ላባ የማይሞሉበት ቀን ብዙ ነበር። ፓሻው በወርቅ ፈንታ ባሪያ ነድቶ ተመለሰና በዚያው ዓመት ሸንዲ ላይ መክ ኒምር የተባለው ባላባት ከነሠፈሩ በእሳት አቃጠለው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድሳ ዓመታት የአውሮፓውያን ናቸው። ኦስትሪያዊው ሩሴገር፣ ሩሲያዊው የማዕድን መሐንዲስ ኮቫሌቭስኪ፣ ጣሊያናውያኑ ጌሲና ማቴውቺ፣ ሆላንዳዊው ስኩቨር ተራ በተራ ወደ ፋዞግሊና ወደ ፋዳሲ ወጡ። ጌሲና ማቴውቺ በ1878 ከፋዳሲ ወዲህ እንዳያልፉ ተከለከሉ፤ ኮቫሌቭስኪ አንዱን ወንዝ በሴንት ፒተርስቡርግ ወንዝ ስም ኔቭካ ብሎት ሄደ፣ ስሙን የሚያስታውስ ግን በአገሩ የለም።

አሜሪካውያን በዚህ ዘመን ወደ ቤኒሻንጉል ባይመጡም በኢትዮጵያ ላይ መምጣታቸው አልቀረም። የእርስ በርስ ጦርነታቸው በ1865 ሲያበቃ ሥራ ያጡ የሰሜንና የደቡብ መኮንኖች የግብጽ ገዥ በነበረው በኸዲቭ እስማኤል ዘንድ ተቀጠሩ፤ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ የግብጽን ጦር ድል በመቱበት ጊዜ የግብጻውያኑ አዛዥ የራቲብ ፓሻ የጦር ሠራዊት ኤታማዦር ሹም ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ጄኔራል ነበር። ስለ ሽንፈቱ ግብጻውያኑ አሜሪካውያኑን፣ አሜሪካውያኑም ግብጻውያኑን ከሰሱ፤ በካይሮ የነበሩ አውሮፓውያን ቀድሞም የእነዚህ ባሕር ማዶ ቅጥረኞች ነገር ደስ አላሰኛቸውም ነበርና ክሱን ማጋነን አልከበዳቸውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰው መጀመሪያ የተዋወቀው አሜሪካዊ በጠላት ሠፈር የቆመው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ሳይረሱ ኋላ በአሜሪካ ላይ የጣሉትን ተስፋ ስናይ፣ የአድዋን ድል ያስገኘው ብልኅነት ከጦር ሜዳም ውጭ እንዳልተለያቸው እንገነዘባለን።

ራስ መኰንን በ1898 ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው የበርታን ሼሆች ለንጉሠ ነገሥቱ ባስገበሩ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር ካርቱምን ለመያዝ ይገሠግሥ ነበርና ሁለቱ መንግሥታት ወርቁ አገር ላይ ፊት ለፊት ተያዩ። ከበርታ መኳንንት የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ስመ ጥር ሆኑ፤ አዲስ አበባ ላይ የታሰሩበት ዘመን ቢኖርም ኋላ ተፈትተው ወርቅ ግብር እያገቡ አገራቸውን አስተዳድረዋል፣ በሸጎሌ የሠሩት መኖሪያም የዋና ከተማይቱ ቅርስ ሆኖ ቀርቷል። ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 15 ቀን 1902 የተፈረመው የወሰን ውል ቤኒሻንጉልን ለኢትዮጵያ አጸና፤ ነገር ግን በሦስተኛው አንቀጽ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይን ውኃ የሚገታ ሥራ እንዳይሠሩ፣ እንዳያሠሩም አሰራቸው። ከዚህ በኋላ በዚያ ወንዝ ዳር ማንም መንገደኛ መለኪያ ይዞ ቢቆም ለንደን ሳትሰማ አትቀርም ነበር።

ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1900 ኦስካር ክሮስቢ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከዘይላ ተነሥቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ ካርቱም ወረደ። የጉዞውን ማስታወሻ በማግሥቱ ዓመት ያተመለት የለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ነበር፤ እንግሊዞች ያለ መንግሥት ትእዛዝ የመጣውን ሀብታም ባዕድ እንደ ራሳቸው ሰው ቈጥረው በአክብሮት አስተናገዱት። ይኸው ክሮስቢ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ረዳት ሚኒስትር ሆነ። የዓባይ ነገር ከዚያ መሥሪያ ቤት ጋር ያለው ዝምድና ግን በዚህ አላበቃም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

1903 ለዚህ ታሪክ የተለየ ዓመት ነው፣ ሁለት ዓይነት አሜሪካዊ በአንድ ዓመት መጥቷልና። የመጀመሪያው ዊልያም ኖርዝረፕ ማክሚላን የተባለ የሴንት ሉዊስ ባለጸጋ፣ አዳኝ ነበረ። ዓባይን በጀልባ ወርጄ ከሱዳን እገናኛለሁ ብሎ ተነሣ፤ የብረት ጀልባዎች ከደጋው ወደ በረሃው ወርደው ተገጣጠሙ፣ ከካርቱም በኩል ደግሞ የሥን የሚባል ኖርዌያዊ ባልደረባው በሞተር ጀልባ ሽቅብ ሊመጣ ተቀጣጠሩ። ዓባይ ግን እንዲህ ያለውን ቀጠሮ አያከብርም፤ የማክሚላን ጀልባዎች ብዙ ሳይሄዱ በፏፏቴው ተሰባበሩ፣ የሥንንም የሮዘየርስ ገደል አገደው። የሥን በ1905 ተመልሶ የወንዙን ዳር በእግሩ ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፤ የቤኒሻንጉልን ቆላ የሚነካው የዚያ ጉዞ ወሬ በመጽሐፍ ታትሟል። እንግሊዞች በማክሚላን ላይ ክፉ ነገር አላሰቡም። እንዲያውም በኬንያ ርስት ገዝቶ ሲቀመጥ ተቀበሉት፣ በመጨረሻም ሰር የሚለውን ማዕርግ ሰጡት፤ የናይሮቢ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ባለጸጋው መንገደኛ ለራሱ ደስታ ገንዘቡን እስካፈሰሰ ድረስ ሰንደቅ ዓላማው አይታይም።

ሁለተኛው ግን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ መጣ። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር በፕሬዚደንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ተልኮ፣ ጥቂት የባሕር ኃይል ወታደሮች አስከትሎ በጂቡቲ ገባና በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ደረሰ፤ ታኅሣሥ 27 ቀን 1903 የንግድ ውል ተፈረመ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ በባቡሩ ሐዲድ፣ እንግሊዝ በዓባይ፣ ጣሊያንም በኤርትራ በኩል የየራሳቸውን ድርሻ እያሰሉ ነበርና፣ ለጨርቅና ለቆዳ ንግድ ብቻ ይህን ያህል ርቀት የመጣ መልእክተኛ አለ ብሎ ማመን ለአውሮፓ ዲፕሎማቶች ከበዳቸው። በ1905 የጀርመን መልእክተኛ ሮዘን ሲታከልበት ጭንቀቱ በረታ፤ ሦስቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 1906 ስለ ኢትዮጵያ የተዋዋሉት ውል ከዚህ ጭንቀት የራቀ አይደለም። የእኛ አባቶች ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ቢሉም፣ ምኒልክ የቅርብ ጎረቤቶቻቸው እነማን እንደ ሆኑ ያውቁ ነበርና ሩቁን ወዳጅ መረጡ። አሜሪካዊው በአውሮፓውያን ዘንድ የተጠረጠረበት ምክንያት፣ ማለት ርቀቱ፣ በቤተ መንግሥታችን ዘንድ የተወደደበት ምክንያት ሆነ።

ይህ ምርጫ ፍሬው የታየው በ1927 ነው። የሰናር ግድብ በ1925 ተፈጽሞ የገዚራ ጥጥ በዓባይ ውኃ መልማት ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣናና ስለ ባቡር ሐዲድ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ደብዳቤ ተለዋወጡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ካሉ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ። ሐኪም ወርቅነህ በሕፃንነቱ ከመቅደላ ተወስዶ በሕንድ በእንግሊዞች እጅ ያደገ፣ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ የተጠራ፣ የእንግሊዝን ጠባይ ከእንግሊዞች የማያንስ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ከፕሬዚደንት ኩሊጅ ጋር ተገናኘ፤ የኒው ዮርክ የጄ ጂ ዋይት የምህንድስና ኩባንያም የጣናን ግድብ ለመሥራት ሐሳብ እንዳለው በኅዳር 1927 ተሰማ። የተነገረው የሥራው ዋጋ 20 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለንደን ደነገጠች፤ የ1902ን ውል ሦስተኛ አንቀጽ እያነሣች የእኔ ፈቃድ ሳይኖር አይሆንም አለች፤ ካይሮም ተሸበረች። በዚህ ሁሉ መካከል ዳንግላ ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን በቅሎውን ጭኖ የዓባይን ሸለቆ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ እየተከተለ ካርታ ያነሣ ነበር፤ ማንም አልጠረጠረውም ማለት ባይቻልም፣ ሥራው ጂኦግራፊ ተባለ። የአሜሪካ መሐንዲሶች በ1930 እና በ1931 ጣናን ሲለኩ ግን ያው መለኪያ ፖለቲካ ተባለ።

ጣሊያን ልትወጋን ጦሯን ባከማቸችበት በነሐሴ 1935 መጨረሻ ደግሞ፣ ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ የአገሪቱን እኩሌታ ነዳጅና ማዕድን የሚያወጣበት ውል ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መቀበሉ ታወቀ፤ ገንዘቡ የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ እንደ ሆነ ሲገለጥ የአውሮፓ ጋዜጦች ለአንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ሮም እንግሊዝን፣ ለንደን አሜሪካን ጠረጠረች፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮርዴል ሃል ኩባንያው ውሉን እንዲተው አደረገ። ሩቁ ወዳጅ በጭንቅ ቀን እጁን ሰበሰበ። ከአምስቱ የስደትና የአርበኝነት ዓመታት በኋላ አሶሳን መጋቢት 11 ቀን 1941 ከጣሊያን ያስለቀቀው የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ነበር፤ ከኮንጎ ወንዝ ዳር የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች በበርታ አገር ድል ማድረጋቸው ራሱን የቻለ ታሪክ የሚገባው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በሐምሌ 1956 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዳለስ ለአስዋን ግድብ ሊሰጥ የታሰበውን ብድር ነሣ፤ ጋማል ዓብደል ናስር ስዊዝን ወረሰ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር ግብጽን ሲወጉ አሜሪካ አስገድዳ አስወጣቻቸው። በለንደንና በፓሪስ የአሜሪካ ስም በምሬት በሚጠራበት በዚያ ወራት፣ በነሐሴ 1957 የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት ተዋዋሉ። ግማሽ ምእት ዓመት ሙሉ በውልና በቆንስል ስትጠብቀው የኖረችውን ወንዝ፣ እንግሊዝ አሁን በዳር ቆማ ሌላው ሲለካው ተመለከተች። ግብጻውያን ጥናቱን የበቀል ዛቻ አድርገው ቈጠሩት፤ ብዙ አውሮፓውያን ታዛቢዎችም ከዚህ የራቀ አስተያየት አልነበራቸውም። እንደ እኔ ግምት ሁለቱም እውነት አለባቸው፣ ግን የእውነቱ እኩሌታ ብቻ ነው፤ የዛቻ ወረቀት እንደዚያ አይደክምበትም።

የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ባለሙያዎችና የኢትዮጵያ ባልደረቦቻቸው መንገድ በሌለበት ቆላ በሄሊኮፕተር እየወረዱ ሰባት ዓመት ያህል ሠሩ። ሥራው ከሩቅ ሲሰማ ታላቅ ሆኖ ከቅርብ ሲታይ ግን ትዕግሥት ብቻ ነበረ። በወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት የመለኪያ ምሰሶ ይተከላል፤ ውኃው ከየትኛው ቁጥር እንደ ደረሰ በየዕለቱ ይጻፋል፤ በክረምት ጎርፉ ምሰሶውን ሲወስደው ሌላ ይተከላል፤ አፈሩ እየተቈፈረ በከረጢት ይጫናል። ውጤቱ በ1964 በብዙ ቅጽ ወጣ። በዓባይ ላይ አራት ታላላቅ ግድቦች፣ ማለት ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና የጠረፍ ግድብ፣ እንዲሠሩ ያሳየው ይህ ጥናት የአራቱን ኃይል 5,570 ሜጋ ዋት ገምቶ ነበር፤ ከነዚህ 1,400 የሚሆነው ከጠረፉ ግድብ፣ ማለት ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሚገኘው ቦታ፣ የሚወጣ ነበር። በዚሁ መካከል ግብጽና ሱዳን በኅዳር 1959 ኢትዮጵያን ሳይጠሩ ውኃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ተካፈሉ፣ የአስዋንም ሥራ በሶቪየት ገንዘብ ተጀመረ። የአሜሪካውያኑ ቅጾች በመደርደሪያ ተቀመጡ። ገንዘብ የሚያበድር አልተገኘም።

ደርግ በሚያዝያ 1977 የአሜሪካን የጦር መልእክተኞች ካስወጣ በኋላ አሜሪካዊ መንገደኛ በአሶሳ የሚታይበት ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ከ1984 እስከ 1986 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ገደማ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሠፈራ ሲጓጓዝ፣ ከታላላቆቹ የሠፈራ ቦታዎች አንዱ አሶሳ ሆነ፤ በመተከልም ፓዌ ተቈረቈረ። ከአሶሳ ሠፈራ ሸሽተው ጠረፉን የተሻገሩ ሰዎች ሱዳን ገብተው በነበረበት በ1985፣ ጄሰን ክሌይ የሚባል አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ከባልደረባው ጋር ስደተኞችን ጠይቆ ሠፈራውን የሚከስ መጽሐፍ አወጣ። በአውሮፓ ክርክር ተነሣ። አሜሪካ ለረኃቡ ከማንም ይበልጥ እህል የላከች ሆና ሳለ ለሠፈራው ገንዘብ አልሰጥም ስላለች፣ መንገደኞችዋ የሚጽፉት ሁሉ የሶሻሊስት መንግሥት ጥላቻ ያዘለ ነው የሚሉ አውሮፓውያን በረከቱ። የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ያንኑ ክስ በራሱ ዐይን አይቶ በመናገሩ በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ፤ እንግዲህ ሐኪሞቹን የአሜሪካ ወኪል ማለት አልተቻለም። ጣሊያን ደግሞ ፓዌ ላይ የጣና በለስን ፕሮጀክት በብዙ ገንዘብ ጀመረች። ለአንዱ አሜሪካዊ የጭካኔ ምስክር የሆነው ሠፈራ፣ ለሌላው አውሮፓዊ የልማት መድረክ ነበረ፤ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ቆላ። በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር በተሰየሙት መንደሮች ያረጀው የወሎ ገበሬ ስለ ሁለቱም ክርክር የሰማው ጥቂት ነው።

በመጋቢት 2003 አሜሪካ ኢራቅን በወረረች ጊዜ በአውሮፓ አደባባዮች የወጣው ሕዝብ ከዚያ በፊት እምብዛም ያልታየ ነበር፤ አሜሪካውያን ጎብኚዎችም ስድብን ለማምለጥ በሻንጣቸው ላይ የካናዳን የሜፕል ቅጠል ይሰፋሉ እየተባለ ይወራ ጀመር። በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ዕለት ፓስኳሌ ስካቱሮ የሚባል የኮሎራዶ የምድር ጥናት ሊቅና ጎርደን ብራውን የሚባል ፊልም አንሺ ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው ወንዙን ሙሉ ሊወርዱ ተጓዙ። ጉዞውን በፊልም የሚያነሡት ባልደረቦቻቸው ስፔናውያን፣ ፈረንሳዊና ግብጻዊም ነበሩባቸው። የትልቁ ዓለም ጠብ ሲጋጋል፣ በገደሉ ውስጥ አንዱ የሌላውን ጀልባ ካልጐተተ ሁሉም የሚሰጥሙበት ጉዞ ነበረና፣ ኢራቅ ከአዞውና ከዐለቱ በኋላ የምትመጣ ነገር ሆነች። የቤኒሻንጉልን ቆላ አቋርጠው ሱዳንንና ግብጽን ዘልቀው ሚያዝያ 28 ቀን 2004 ከሜዲቴራንያን ባሕር ደረሱ። በዚያው ዕለት ማታ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የአቡ ግሬብን እስር ቤት ሥዕሎች ለዓለም አሳየ። ማክሚላን በጀመረው በ101ኛው ዓመት ወንዙን ሙሉ የወረዱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ወሬያቸው ከዚያ ማዕበል በታች ዋለ።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓመተ ምሕረት፣ በእነርሱ ኤፕሪል 2 ቀን 2011፣ ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ተጣለ፤ ቦታውም አሜሪካውያኑ በ1964 የጠረፍ ግድብ ካሉት እምብዛም የማይርቅ ነው። ሠሪው የጣሊያን ኩባንያ፣ ከፋዩ ግን ሕዝቡ ነበረ፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ቦንድ ገዙ። እነዚህ አሜሪካዊ ፓስፖርት ይዘው ጉባን ለማየት የሚወርዱ፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ መንገደኞች የዚህ ታሪክ አዲስ ሰዎች ናቸው፤ ምኒልክ ስኪነርን ሲቀበሉ እንዲህ ያለ አሜሪካዊ ይኖራል ብለው አላሰቡም። በ2016 ደግሞ የአሜሪካ የቦንድና የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ ኮሚሽን፣ ቦንዱ በአገሩ ሕግ ሳይመዘገብ ተሽጧል በማለት ከ3,100 በላይ ነዋሪዎች የተሰበሰበው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከነወለዱ፣ በጠቅላላው 6.5 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ እንዲመለስ አደረገ።

በ2019 መጨረሻ ስለ ግድቡ አሙላል የተደረገውን የዋሽንግተን ድርድር የመራው የገንዘብ ሚኒስቴር ነበር፤ ከአንድ ምእት ዓመት በፊት ክሮስቢ የተሾመበት መሥሪያ ቤት። ኢትዮጵያ ጊዜ ስጡኝ ብላ የመጨረሻውን ስብሰባ በቀረችበት በየካቲት 2020 ሚኒስትሩ ምኑቺን ግድቡ ያለ ስምምነት እንዳይሞላ መግለጫ አወጡ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ለኢትዮጵያ የምትሰጠው እርዳታ በከፊል ታገደ። ጥቅምት 23 ቀን ፕሬዚደንት ትራምፕ ግብጽ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው ተናገሩ፤ በማግሥቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ገዱ አንዳርጋቸው የአሜሪካን አምባሳደር ጠርተው ማብራሪያ ጠየቁ። በዚያው ቀን የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ቦሬል የሚያስፈልገው ስምምነት እንጂ ጠብን የሚያባብስ ነገር አይደለም የሚል ቃል አወጡ። ብራሰልስ ከአዲስ አበባ ጋር ቆማ ዋሽንግተንን የገሠጸችበት፣ ሮም የሠራችውን ዋሽንግተን የዛተችበት ቀን ነው። በ1903 አሜሪካን በአውሮፓ ላይ መከታ ያደረገው ስሌት በዚያ ሳምንት እንደ አሮጌ ገንዘብ ዋጋ አጣ።

በ2025 ክረምት ትራምፕ እንደገና ተነሥተው ግድቡ በአሜሪካ ገንዘብ የተሠራ ነው አሉ፤ የግድቡ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ወይዘሮ ፍቅርተ ታምር ቃሉን ሐሰት ነው ብለው መለሱ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ግድቡ ተመረቀ፤ ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት፣ የሚይዘውም ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በአሶሳ በኩል ዛሬ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል ወደ ኡራ መጠለያ ለሚገቡት ስደተኞች የሚሠራ ነው፤ ከነዚህም ፈረንሳዊውን ከአሜሪካዊው የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ጎብኚ አሜሪካዊ ግን አይበዛም፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዜጎቹ ባወጣው የጉዞ ማሳሰቢያ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አትሂዱ ከሚላቸው ቦታዎች ጋር ጽፎታል።